«የእኔ ልብ የአይጥ ልብ ነው እንዴ?»

ይህችን ጽሑፍ እንደ ንስሐ ቁጠሩልኝ። ንስሐ ከራስ ይጀምራልና እኔም ከራሴው ልጀምር።

አምና፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለዜና አጻጻፍ ትምህርት አንድ የሳይንስ ዜና ጽፈን እንድናመጣ ታዘዝን። እኔም ከስልኬ ላይ አንድ የውጭ ዜና አገኘሁና ወደ አማርኛ መለስኩት። ርዕሱን «ስፖርት በልብ ላይ አዲስ የደም ሥር ያበቅላል!» አልኩት። ቃለ አጋኖዋም የእኔው ናት። ምርምሩ የተደረገው በአይጦች ላይ ነበር። እኔ ግን አይጦቹን በአራተኛው አንቀጽ ላይ በአንዲት ሐረግ አሳለፍኳቸውና ቃል ሲበዛብኝ ያቺኑም ሐረግ ሰረዝኳት። ጥሩ ማርክ አገኘሁ። ክፍል ውስጥም ተነበበልኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ፎቶ አነሳሁና ደሴ ላሉት አጎቴ ላክሁላቸው።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኛ ቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዜናውን ከመላኬ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ተርፈው ወደ ቤት ሲመለሱ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ሊጠይቃቸው መጣ፤ የመጣው ሁሉ የሚለው ግን አንድ ነበር፦ «አይነሱ! ልብዎን አያድክሙ!» እትዬ የምንላቸው ባለቤታቸው ውኃ እንኳ አልጋቸው ድረስ ያመጡላቸው ነበር። መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል። የቤቱ ሁሉ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ልብ ቆስሏል፣ የቆሰለ ነገር ደግሞ መነካካት የለበትም። እኔም ለእረፍት ስሄድ ትራሳቸውን አስተካክል ነበር እንጂ «እስቲ ይነሱ» አላልኩም።

ታዲያ ጋሼ ዜናዬን አነበቡ። የእህታቸው ልጅ፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ፣ የጻፈችው ነው። ለሦስት ቀን ክኒናቸውን ሳይውጡ ዋሉ። «አዲስ የደም ሥር ካበቀልኩ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል?» ብለው እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ማንም ሳይነሳ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጦሳ ዳገት ወጡ። ሁለት ወር ከአልጋ ያልወረደ ሰው፣ ጦሳን! ዳገቱን ሳያጋምሱ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ባይደግፏቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ሐኪማቸው ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሁለት ወር አልጋ ላይ መዋልዎም ስሕተት ነው፤ በአንድ ቀን ተራራ መውጣትዎም ስሕተት ነው» አሏቸው። ስለ ዜናዬም ነግረዋቸው ኖሮ ማታ ስልክ ደወሉልኝ።

«አንቺ ጋዜጠኛ! ሐኪሙ የተሞከረው በአይጥ ላይ ነው አለኝ። የእኔ ልብ የአይጥ ልብ ነው እንዴ?»

ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ አነበብኩ። የደረስኩበትም ይህ ነው፤ ጋሼን አልጋ ላይ ያዋልናቸው ዘመዶች በፍቅር ተሳሳትን፤ ከአልጋ ያስነሳቸው የእኔ ዜና ደግሞ በችኮላ ተሳሳተ። ሁለቱም ስሕተት ሰው ሊገድል ይችላል። የመጀመሪያውን ማረም የጤና ባለሙያዎች ሥራ ነው እንበል፤ ሁለተኛውን ማረም ግን የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዕዳ ነው።

እስቲ ከአልጋው እንጀምር። በሽተኛን አስተኝቶ ማዋል የደሴ ሰው ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ሃርት አታክ ምልክቶች ከጻፉ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የሐኪሞቹ የራሳቸው ትእዛዝ በሽተኛውን ለሳምንታት አልጋ ላይ ማስተኛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪን እና በርናርድ ላውን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን ከአልጋ አውርደው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደጀመሩ ጻፉ። አስቡት፣ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሃርት አታክ ያዛቸው። ከሐኪሞቻቸው አንዱ የነበሩት ፖል ደድሊ ኋይት ሰውዬው ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ እንዲመለሱ መከሩ። አይዘንሃወርም በሚቀጥለው ዓመት ተወዳድረው በድጋሚ ተመረጡ።

የሚገርመው ግን ነገሩን ቀደም ብሎ ያየው ሰው መኖሩ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን፣ ከሞቱ በኋላ በ1802 በታተመው መጽሐፋቸው፣ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ ይቆርጥ የነበረ አንድ የደረት ሕመምተኛ ለመዳን ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ጽፈዋል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰሚ እስክታገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባት።

አልጋ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ደግሞ የዳላሱን ሙከራ ተመልከቱ። በ1966 አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳይወርዱ ተደረገ። እነዚያው አምስት ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ተመረመሩ። ሦስቱ የአልጋ ሳምንታት የሰውነታቸውን የሥራ አቅም የቀነሱት 30 ዓመት እርጅና ከቀነሰው በላይ ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ ወጣት በሦስት ሳምንት እንዲህ ከሆነ፣ በሽተኛ ሽማግሌ በሁለት ወር ምን ሊሆን እንደሚችል ራሳችሁ ገምቱት።

በ1953 ደግሞ ጄሪ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አወዳደሩ። ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ በእኛ ቋንቋ ወያሎቹ፣ በልብ በሽታ የሚያዙት ባነሰ ቁጥር ነበር። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ጭስ ውስጥ ነው የሚውሉት። እርግጥ የሾፌሩ ጭንቀትም፣ ሲቀጠር የነበረው ውፍረትም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም የእንቅስቃሴን ጥቅም በቁጥር ካሳዩት የመጀመሪያ ጥናቶች አንዱ ይህ ነው።

እዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንቅስቃሴ ይጠቅማል። እኔ የተሳሳትኩት «እንዴት?» የሚለው ላይ ነው።

ልብ ራሱ ጡንቻ ነው። ለሰውነት ሁሉ ደም ሲረጭ ለራሱም ደም ያስፈልገዋል፤ ይህንን የሚያቀርቡለት በላዩ ላይ እንደ ሐረግ የተጠመጠሙ የደም ሥሮች ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ ድንገት ይሰነጠቅና በላዩ ላይ ደም ይረጋል። መንገዱ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጡንቻ ኦክስጅን ያጣና ቶሎ ካልተደረሰለት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ሃርት አታክ ማለት ይኸው ነው። የሞተው ቦታ ጠባሳ ይሆናል።

አሁን ወደ ታክሲ እንግባ። አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው አስፋልት ለሥራ ተቆፍሮ ሲዘጋ ሾፌሩ «በውስጥ ለውስጥ እንሂድ» ይላል። ውስጥ ለውስጧ መንገድ ቀድሞም ነበረች፤ የሚሄድባት ግን እግረኛና ፍየል ነበር። መኪና ሲበዛባት አጥሩ ገባ ይላል፣ ኮብልስቶን ይነጠፍባታል፣ ትሰፋለች። ልብም እንዲህ ያለ ውስጥ ለውስጥ መንገድ አለው። አንዱን የደም ሥር ከሌላው ጋር የሚያገናኙ ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ ብዛታቸውና ስፋታቸው ከሰው ሰው ይለያያል። ዋናው ሥር ሲጠብ ደሙ በእነሱ በኩል ይገፋል። የሚያልፈው ደም የሥሩን የውስጥ ግድግዳ ሲያሻሸው ግድግዳው «ሥራ በዝቶብኛል» እንደማለት ምልክት ይሰጣል፤ ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ሥሩም ይሰፋል። ስንራመድ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ደሙም በብዛትና በፍጥነት ያልፋል። እንቅስቃሴ ሊረዳ ይችላል የተባለው በዚህ መንገድ ነው።

ትንሽ መስፋት ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። የአንድ ቧንቧ የውስጥ ስፋት ከዳር እስከ ዳር እጥፍ ቢሆን፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የሚያልፍበት ፈሳሽ 16 እጥፍ ይሆናል። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው «ሁለት በሁለት በሁለት በሁለት!» ብለው በስልክ አባዙልኝ። የሒሳብ መምህር መቼም መምህር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት እድገት እንደ ቡቃያ የሚያቆጠቁጠው ነው። ኦክስጅን ያነሰው ሥጋ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል፤ ከነበሩት ሥሮች ላይም ከፀጉር የቀጠኑ አዳዲስ ሥሮች ይወጣሉ። ይህ ስፖርት አዘውትሮ በሚሠራ ሰው የእግር ጡንቻ ላይ በግልጽ የታየ ነገር ነው። እግር በሚገባ ሲሠለጥን ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከልብ የሚጠይቀው ሥራ ይቀንሳል። ስለዚህ የእግር ጉዞ ልብን የሚረዳው በእግር በኩልም ጭምር ነው።

እኔ «አዲስ የደም ሥር ያበቅላል» ስል ግን አንባቢዬ ምን አሰበ? የተዘጋውን የሚተካ ሙሉ አዲስ አስፋልት። እንዲህ ያለ ነገር የለም። አዲስ ሥር ቢያቆጠቁጥ እንኳ የሞተውን ጡንቻ አያስነሳም። በ2009 የወጣ አንድ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው የሰው የልብ ጡንቻ ሴል የሚታደሰው በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ በዓመት 1 በመቶ ያህል ነው፤ በእርጅና ደግሞ ከዚያም ከግማሽ በታች ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት ጠባሳ አይሞላም።

ታዲያ በሰው ላይ ምን ታየ? በ1957 ሪቻርድ ኤክስታይን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ የልባቸው ሥር እንዲጠብ የተደረጉ ውሾችን አሠልጥነው፣ የሮጡት ውሾች ካልሮጡት የተሻለ የውስጥ ለውስጥ ሥር እንዳበጁ አሳዩ። ዓለምም ተደሰተ። በሰው ላይ ሲፈተሽ ግን ለብዙ ዓመታት ወጥ መልስ አልተገኘም። የልብ የደም ሥር ፎቶ ደቃቆቹን ሥሮች አያሳይም፤ ይህም አንድ ችግር ነበር። «እንግዲያው ፕሮቲኑን ራሱን እንስጥ» ተብሎ ቪኢጂኤፍ ለ178 ሕመምተኞች በተደረገ ሙከራ ተፈተነ። ውጤቱ በ2003 ሲወጣ፣ ከሁለት ወር በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱት ባዶውን መርፌ ከወሰዱት አልበለጡም። ባዶውን የወሰዱትም ተሽሏቸው ነበር! ተስፋ ብቻውን ሰውን መሮጫ ማሽን ላይ ትንሽ ያስኬደዋል ማለት ነው። ይቺን ነገር ለእኛ ለዜና ጸሐፊዎች ልብ በሉልኝ።

ደስ የሚለው ዜና በ2016 ከጀርመን መጣ። የልብ ሥራቸው የጠበበ 60 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ሁለቱ ቡድኖች ለአራት ሳምንት በባለሙያ ክትትል ስፖርት ሠሩ፣ ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና ብቻ ቀጠለ። በስፖርተኞቹ ልብ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፈው ደም 40 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ በሦስተኛው ቡድን የተለወጠ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በኃይል የሠሩትና በመጠኑ የሠሩትም ያገኙት ጥቅም ተቀራራቢ ነበር። ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰዎቹ 60 ብቻ ናቸው፤ ከሃርት አታክ ማግሥት የተነሱም ሳይሆኑ ሕመማቸው የተረጋጋ ነበር። እኔ ይህንን ጥናት አምና ባገኘው ኖሮ ምን ዓይነት ርዕስ እሰጠው እንደነበር አውቃለሁ። አሁን ግን 60ውን ሰው ከርዕሱ ሥር፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ስለ ደም ሥር አያወራም፤ ስለ ሰው ነው የሚያወራው። በ2021 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 85 ሙከራዎችንና ከ23 ሺህ በላይ የልብ ሕመምተኞችን አንድ ላይ ተመልክቷል። ስፖርት ያለበት የማገገሚያ ክትትል ያገኙት በልብ ምክንያት የሚሞቱት፣ እንደገና ሃርት አታክ የሚይዛቸውና ሆስፒታል የሚመለሱት ባነሰ ቁጥር ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የሆነው የደም ሥር ስለሰፋ ነው? የሥሮቹ ግድግዳ በሚገባ መለጠጥ ስለቻለ ነው? ግፊትና ስኳር ስለቀነሰ ነው? ሁሉም ድርሻ ድርሻ አላቸው። በሽተኛው ግን ለመራመድ መልሱን መጠበቅ የለበትም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ይራመዱ የነበረውም መድኃኒታቸውን እየዋጡ መሆኑን ግን ማወቅ አለበት። የእኔ ዜና ያላለችው ይህንን ነው።

አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ይህንን ስነግራት «ምን አስጨነቀሽ? የጤናውን ነገር ለሐኪሞች ተይው» አለችኝ። እውነት አላት። ግን ጋሼን ሐኪም ሲያያቸው በወር አንዴ፣ ያውም ለአሥር ደቂቃ ነው። ጎረቤት፣ ሬዲዮ፣ ስልክ ግን በየሰዓቱ አብረዋቸው አሉ። እኛ ብንተወው ወሬው አይተውም። ስለዚህ ምርጫው በመጻፍና ባለመጻፍ መካከል አይደለም፤ አጣርቶ በመጻፍና እንደ እኔ በመጻፍ መካከል ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ያፈሰስኩት ግን ጦሳ ዳገት ላይ ሊቀር ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር «የልብ ሕመም» ስንል ብዙ በሽታ በአንድ ከረጢት እንከታለን። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን ክዳኖች የሚያበላሸው በሽታ በወጣቶቻችን ላይ የተለመደ ነው፤ እሱና የደም ሥር መዘጋት አንድ አይደሉም። ለአንዱ የሚመከረው እንቅስቃሴ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል። «ለልብ ሕመም ስፖርት ፍቱን ነው» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ የትኛውን ልብ ማለቱ እንደሆነ ካልተናገረ አለመጻፉ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንም ለእኛም አንድ ሐሳብ አለኝ። የጤና ዜና ስንጽፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ውስጥ በማን ላይ እንደተሞከረ፣ በስንት ሰው ላይ እንደሆነና አንባቢው ምን መተው እንደሌለበት ያልገለጸ ጽሑፍ ማርክ አይሰጠው። ከጤና ተማሪዎች አንድ ሰው አስቀድሞ ቢያነብልን ምን ይጎዳናል? እነሱ ካምፓሱ ውስጥ ናቸው፤ ካፌ ውስጥ ከእኛው ጋር ነው ሻይ የሚጠጡት። ርዕስ ሲረዝም እንደማያምር አውቃለሁ። የአምናውን ዛሬ ብጽፈው ግን «ከሃርት አታክ የተነሳ ሰው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ቢራመድ ይጠቀማል፤ ክኒኑን ግን አይተውም» እለው ነበር። አያምርም። ማንንም ግን ዳገት ላይ አያስቀምጥም።

ጋሼ ሐኪማቸው ባዘዙላቸው መሠረት መጀመሪያ ግቢያቸው ውስጥ አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሜዳ ሜዳውን አሥር ደቂቃ እያሉ ጀመሩ። መለኪያቸው ቀላል ነው፤ እየተራመዱ ማውራት መቻል አለባቸው። ደረታቸውን ከያዛቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ካዞራቸው ይቆማሉ፣ ካልለቀቃቸውም ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። አሁን ፀሐይ በረድ ሲል ከእትዬ ጋር ሆነው ፒያሳ ደርሰው ይመለሳሉ። እትዬ «እኔንም ጉልበቴን አሻለኝ» ይላሉ። ልባቸው ውስጥ አዲስ ሥር ይብቀል፣ የነበረው ይስፋ፣ አላውቅም፤ ማንም ከፍቶ አላየውም። ክኒኑን ግን ማታ ማታ እትዬ ቆጥረው ነው የሚሰጧቸው።

ባለፈው ሳምንት ደውለው «አሁንስ ምን እየጻፍሽ ነው?» አሉኝ። «እርማት» አልኳቸው።

የአምናውን ዜናዬን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እርማቱ ይኸው።